የመጀመሪያው ቀን ዋጋ

ቀኑ ሜይ 11፣ 1995 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሎስ አንጀለስ ከተማ ኢ3 የተባለው የቪዲዮ ጌም ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍቷል። የሴጋ ኩባንያ የአሜሪካ ኃላፊ ቶም ካሊንስኪ መድረክ ላይ ወጥተው ማንም ያልጠበቀውን ዜና ነገሩ። በሴፕቴምበር ይወጣል ሲባል የቆየው ሳተርን የተሰኘ አዲስ ማሽን ለካስ ከዚያው ቀን ጀምሮ በተመረጡ መደብሮች እየተሸጠ ኖሯል፤ ዋጋው 399 ዶላር ነው። ተራው ደግሞ የሶኒ ሆነ። ለዚህ ገበያ እንግዳ የነበረው ሶኒ ፕሌይስቴሽን የተባለውን የመጀመሪያ ማሽኑን ሊያስተዋውቅ ነው። ስቲቭ ሬስ የተባሉት ኃላፊ ወደ መናገሪያው ተጠሩ፤ «ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ» አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በጌም ንግድ ታሪክ ከዚህ ያጠረ፣ ከዚህም የበለጠ የሚታወስ ንግግር ማግኘት ያስቸግራል። ፕሌይስቴሽን በዕድሜው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሳተርን 10 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ ሴጋም በ2001 ማሽን መሥራቱን እርግፍ አድርጎ ተወው።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2025፣ ኔንቴንዶ ስዊች 2 የተባለውን አዲስ ማሽኑን ለዓለም አሳየ። በዚያ ሁሉ ረጅም ትዕይንት ውስጥ ዋጋው አልተጠራም። ቁጥሩ የተገኘው ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ሲሆን፣ እሱም በአሜሪካ 449.99 ዶላር ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት የወጣው የመጀመሪያው ስዊች 299.99 ዶላር ስለነበር ጭማሪው 150 ዶላር መሆኑ ነው። በዚያችው ዕለት ከሰዓት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በዓለም ሸቀጦች ላይ አዲስ ቀረጥ አወጀ፤ ኔንቴንዶም በአሜሪካ ለኤፕሪል 9 የያዘውን የቅድመ ትእዛዝ ቀን አራዘመ፤ በኋላም ዋጋውን ሳይነካ ኤፕሪል 24 ከፈተ። ሰዉ ስለ ዋጋው ሲያማርር ከረመ። ይሁንና ማሽኑ ጁን 5 ገበያ ሲወጣ በአራት ቀን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ያማረረውም የገዛውም አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ አዲስ የጌም ማሽን በወጣበት ቀን ለተጠየቀበት ዋጋ ይገባዋል ወይ?

ይህ ጥያቄ አዘውትሮ የሚመለሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የማሽኑን የውስጥ ዕቃ መቁጠር ነው፤ ስክሪኑ ስንት ኢንች ነው፣ የሚይዘው ስንት ጊጋባይት ነው፣ ፍጥነቱ ከድሮው በስንት እጥፍ ይበልጣል ይባላል። ሁለተኛው ቁጥሩን ከሌላ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው፤ ተፎካካሪው ስንት ይላል፣ የድሮው ስንት ነበር ይባላል። ሁለቱም መንገዶች ገዢው ማሽን እየገዛ እንደሆነ አድርገው ይነሳሉ። ያለፉት ሠላሳ ዓመታት የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚከፈለው ዋጋ የቅድሚያ ዋጋ ነው። ማሽኑ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ፤ ዛሬ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ከሌሎች መቅደምን ነው። መቅደም ደግሞ ዋጋ የሚያወጣው በዚያ ቀን፣ ቤት ባለው ማሽን የማይሠራ፣ ሰውየውም የምር ሊጫወተው የሚፈልገው ጨዋታ አብሮ ከወጣ ብቻ ነው። ያ ከሌለ ሦስት መቶ ዶላርም ውድ ነው፤ ያ ካለ አራት መቶ ሃምሳም ላይበዛ ይችላል።

ቁጥሩ ከምን ይሠራል

የጌም ማሽን ዋጋ እንደ ጫማ ወይም እንደ ድስት የመሥሪያ ወጪ ላይ ትርፍ ተጨምሮበት የሚወጣ አይደለም። ይልቅ የሚመሳሰለው ከፕሪንተር ጋር ነው፤ ፕሪንተሩ በርካሽ ይሸጥና ትርፉ ከቀለሙ ይለቀማል። ሶኒ በኖቬምበር 2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ ትልቁን በ599 ዶላር ሸጠ፤ ዕቃ እየፈታ ወጪ የሚገምተው አይሰፕላይ የተባለ ድርጅት ደግሞ የዚያን ማሽን መሥሪያ ወደ 840 ዶላር ገመተው። በዚህ ግምት ሶኒ ከእያንዳንዱ ማሽን ከ200 ዶላር በላይ ይከስር ነበር፤ ገዢው ግን በ599ኙ ተደናግጦ ነበር። በወቅቱ የማይክሮሶፍት የጌም ክፍል ኃላፊ የነበሩት ፊል ስፔንሰርም በ2022 ኩባንያቸው በእያንዳንዱ ኤክስቦክስ ከ100 እስከ 200 ዶላር እንደሚደጉም በይፋ ተናግረዋል። ይህ ገንዘብ በቸርነት የሚሰጥ አይደለም። በማሽኑ ላይ ከሚሸጥ ጨዋታ ሁሉ ኩባንያው ድርሻ ያነሳል፤ በኦንላይን መደብሮቹ የተለመደው ድርሻ 30 በመቶ ነው። ኦንላይን ተገናኝቶ ለመጫወት በየዓመቱ የሚከፈለውም የራሱ ገቢ ነው።

ዋጋው ከወጪ ይልቅ ውሳኔ መሆኑን ስዊች 2 ራሱ በግልጽ ያሳየናል። ኔንቴንዶ በጃፓን ሁለት ዓይነት ስዊች 2 አወጣ። አንዱ ጃፓንኛ ብቻ የሚናገር፣ በጃፓን አካውንት ብቻ የሚሠራ ሲሆን ሲወጣ ዋጋው 49,980 የን ነበር። ሌላው በብዙ ቋንቋ የሚሠራ ሲሆን 69,980 የን ተጠየቀበት። በሁለቱ መካከል የነበረው የ20,000 የን ልዩነት የቋንቋ ምርጫ ዋጋ ሊሆን አይችልም። የን በተዳከመበት ጊዜ የአገሬውን ገዢ ላለማጣት፣ የውጭ ነጋዴም ርካሹን ገዝቶ እንዳይወስድ የተበጀ አጥር ነው። እንግዲህ አንዱ ማሽን በአንድ አገር ሁለት ዋጋ ካለው፣ «ማሽኑ ስንት ያወጣል» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ ያለው «ለማን፣ መቼ፣ ምን ለመጫወት» የሚለው ነው።

ቁጥሩን ብቻውን የማየት ችግር ሒሳቡ ሲሠራ ይበልጥ ይታያል። አንድ ሰው ፕሌይስቴሽን 5ን በመጀመሪያው ቀን ዋጋ በ500 ዶላር ገዛ እንበል። በዓመት ሦስት አዳዲስ ጨዋታዎችን በ70 ዶላር ቢገዛ፣ በአምስት ዓመት 1,050 ዶላር ነው። ለኦንላይን ጨዋታ የሚከፈለው መነሻው ምዝገባ በ2023 በዓመት 80 ዶላር ስለሆነ፣ በዚህ ዋጋ አምስት ዓመቱ 400 ዶላር ይሆናል። ድምሩ 1,950 ዶላር ሲሆን የማሽኑ ድርሻ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ሰው በሩቡ ላይ ሲከራከር ሦስቱ እጅ ሳይታይ ያልፋል። ኔንቴንዶ ከስዊች 2 ጋር ያወጣው ማሪዮ ካርት ወርልድ ለብቻው በአሜሪካ 80 ዶላር ገደማ መሆኑ፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስጎበኘው ጨዋታ እንኳ በ9.99 ዶላር መሸጡ፣ ከ449ኙ ያላነሰ ክርክር ይገባው ነበር። ሶኒ ተመሳሳይ ማስጎብኛ የሆነውን አስትሮስ ፕሌይሩምን በፕሌይስቴሽን 5 ውስጥ በነፃ ጭኖ ነበር የሰጠው።

የመጠበቅ ሕግ ሲሰበር

ለሃያ ዓመት ያህል የጌም ገዢዎች አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው፤ ታገሥ፣ ይረክሳል። ሕጉም አላሳፈራቸውም። ፕሌይስቴሽን 2 በኦክቶበር 2000 በአሜሪካ በ299 ዶላር ወጣ፤ በ2002 ወደ 199፣ በ2004 ወደ 149፣ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወረደ። ፕሌይስቴሽን 3 ከ599 ተነስቶ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በቀጭኑ ሞዴል 299 ዶላር ሆነ። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። በማሽኑ ውስጥ ያሉት ቺፖች በየጥቂት ዓመቱ እያነሱ ስለሚመጡ ከአንድ ሳህን ሲሊከን ብዙ ቺፕ ይወጣል፤ የሚበሉት ኤሌክትሪክም ስለሚቀንስ ማቀዝቀዣውና ሳጥኑ አብረው ያንሳሉ። በፕሌይስቴሽን 2 መጀመሪያ ለየብቻ የነበሩት ሁለት ዋና ቺፖች በኋላ በአንድ ተጠቃልለው ማሽኑ የመጽሐፍ ያህል ቀጠነ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለዚያ ዘመን ገዢ የተነገረ ይመስል ነበር።

ይህ ሕግ ፕሌይስቴሽን 5 በወጣበት ትውልድ ተሰበረ። ማሽኑ በኖቬምበር 2020 ሲወጣ ዲስክ ማጫወቻ ያለው 499.99 ዶላር ነበር። በ2022 ሶኒ በአውሮፓ፣ በጃፓንና በሌሎችም ገበያዎች ዋጋ ጨመረ፤ በኦገስት 2025 ደግሞ በአሜሪካ 549.99 ዶላር አደረገው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ499.99 ጀምሮ በ2025 ሁለት ጊዜ ተጨምሮበት 649.99 ዶላር ደረሰ። ስምንት ዓመት የሞላው የመጀመሪያው ስዊች እንኳ በዚያው ዓመት ከ299.99 ወደ 339.99 ዶላር ወጣ። ቺፕ ማሳነሱ እንደ ቀድሞው ወጪ አይቀንስም፤ የኮሮና ዘመን የዋጋ ንረትና የዕቃ እጥረት ተጨመረበት፤ በመጨረሻም የአሜሪካ ቀረጥ መጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ የቸኮለው አተረፈ፣ የታገሠው ሃምሳ ወይም መቶ ሃምሳ ዶላር ጨምሮ ከፈለ። ተረቱ ተገለበጠ ማለት ነው።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሳይጨምር በመጀመሪያው ቀን መግዛት ነው» የሚል ክርክር ይመጣል። ክርክሩ ጉልበት አለው፤ ግን የተመለከተው ከጠቅላላ ወጪው የማሽኑን ሩብ ብቻ ነው። ማሽኑ ባይረክስም ጨዋታው ይረክሳል። በ70 ዶላር የወጣ ጨዋታ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በቅናሽ ወቅት በግማሽ ዋጋ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ዋጋውን በቀላሉ የማይቀንሰው ኔንቴንዶ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከላይ ባሠላነው ሒሳብ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የገባ ሰው በማሽኑ 50 ዶላር ቢጨምርም፣ በጨዋታዎቹ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያተርፋል። የመጠበቅ ጥቅም ከማሽኑ ወደ ጨዋታው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ደግሞም ይጨምር ይሆናል ብሎ በፍርሃት የተገዛ፣ ግን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ማሽን ያስወጣው ሃምሳ ዶላሩን ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ዋጋውን ነው።

መጀመሪያ የገዙት ምን አገኙ

ይህን አባባል ለመፈተን ከአንድ ኩባንያ የወጡ ሁለት ማሽኖችን ማስተያየት ይበጃል። ኔንቴንዶ በማርች 2011 ኔንቴንዶ 3ዲኤስን በአሜሪካ በ249.99 ዶላር አወጣ። ያለ መነጽር ባለ ሦስት አውታር ምስል የሚያሳይ፣ በዘመኑ ጉድ የተባለ ዕቃ ነበር። ከማሽኑ ጋር ግን ሰው የሚናፍቀው ጨዋታ አልወጣም፤ ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ላንድ የመጣው በኖቬምበር፣ ማሪዮ ካርት 7 በዲሴምበር ነው። ከኤፕሪል እስከ ጁን በዓለም ዙሪያ የተሸጠው 710,000 ብቻ ሆነ። በጁላይ መጨረሻ ኔንቴንዶ ዋጋውን ወደ 169.99 ዶላር እንደሚያወርድ አስታወቀ። አምስት ወር ሳይሞላ ሲሶ ያህል ዋጋ መቀነሱ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቆረጡ፤ ቀድመው ለገዙትም ሃያ የድሮ ጨዋታዎች በነፃ ተሰጡ። ካሣው ራሱ የጥፋቱን ዓይነት ይመሰክራል፤ ቀዳሚዎቹ የጎደላቸው ጨዋታ ነበርና በጨዋታ ተካሱ። ማሽኑ መጥፎ አልነበረም፤ ጨዋታዎቹ ከመጡ በኋላ ከ75 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። መጥፎ የነበረው ቀኑ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ማርች 3 ቀን 2017፣ ያው ኩባንያ ስዊችን በ299.99 ዶላር አወጣ። በወቅቱ ከነበሩት ፕሌይስቴሽን 4ና ኤክስቦክስ ዋን ጋር ሲተያይ በኃይል ያነሰ ነው ተብሎ ተነቅፏል። በዚያው ቀን ግን ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ የተባለው የዜልዳ ጨዋታ አብሮ ወጣ፤ በዓመቱም ውስጥ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስና ሱፐር ማሪዮ ኦዲሲ ተከተሉ። ዋጋው በአሜሪካ ለስምንት ዓመት አልወረደም፣ ማሽኑም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ቀድሞ የገዛው ከሌላው ሳንቲም ሳይጨምር ብዙ ዓመት ተጫወተበት። እዚህም ቢሆን መቅደም ያለ ቅጣት አላለፈም። በ2019 ኔንቴንዶ ያንኑ ማሽን በዚያው ዋጋ፣ ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይቆይ የነበረውን ባትሪ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚቆይ አሻሽሎ አቀረበው። የታገሠው በተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ ዕቃ አገኘ።

የቀዳሚ ቅጣት ከዚህም ሊከፋ ይችላል። በ2005 መጨረሻ የወጣው ኤክስቦክስ 360 ተፎካካሪውን አንድ ዓመት ቀድሞ ገበያውን ያዘ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ማሽኖች ከሙቀት የተነሳ እየሞቱ ፊታቸው ላይ ሦስት ቀይ መብራት ያበሩ ጀመር። በጁላይ 2007 ማይክሮሶፍት ለዚህ ብልሽት ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መዘገበ። አዲስ ማሽን በፋብሪካው ሙከራ የሚደረግበትን ያህል በገዢው ሳሎንም ይሞከራል፤ ሞካሪው ግን ደመወዝ የሚከፈለው ሳይሆን የሚከፍል ሰው ነው።

ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ ሦስተኛውን ትምህርት ይሰጣል። በ2020 መጨረሻና በ2021 ማሽኑን ለማግኘት የነበረው ግርግር አይረሳም፤ ነጋዴዎች በኮምፒውተር ፕሮግራም ከመደብር እየጠረጉ እየወሰዱ በብዙ ትርፍ ይቸረችሩት ነበር። ያን ያህል የተሻሙበት ማሽን ግን በእጅ ካለው ማሽን ምን ይበልጥ ነበር? ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስትና ግራን ቱሪዝሞ 7 በ2022 መጀመሪያ፣ ጎድ ኦቭ ዋር ራግናሮክ በኖቬምበር 2022 ሲወጡ፣ ሦስቱም በፕሌይስቴሽን 4 ጭምር ወጡ። የምስሉ ጥራትና የመጫኛው ፍጥነት ይለያል፤ ጨዋታው ግን ያው ነው። ቤቱ ፕሌይስቴሽን 4 የነበረው ሰው ሁለት ዓመት ቢቆይ ከዋናዎቹ የሶኒ ጨዋታዎች ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

ከሚነሱት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው የታሪክ ነው፤ ማሽኖች በእውነተኛ ዋጋ ሲሰሉ ከድሮው ርካሽ ናቸው ይባላል። እውነት ነው። በ1977 የወጣው የአታሪ ማሽን በ199 ዶላር ሲሸጥ በዛሬ ገንዘብ ከ1,000 ዶላር በላይ መሆኑ ነው፤ የፕሌይስቴሽን 3ም 599 ዛሬ ከ900 ዶላር ያልፋል። ነገር ግን ይህ ንጽጽር የድሮውን የመጀመሪያ ቀን ከዛሬው የመጀመሪያ ቀን ጋር ብቻ ያስተያያል። የድሮ ገዢ ቢታገሥ በ99 ዶላር የሚገባበት በር ነበረው፤ ዛሬ ያ በር ተዘግቷል፤ በፕሌይስቴሽን 3 ኦንላይን ለመጫወት የሚከፈል ዓመታዊ ኪራይም አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ1977 ውድ የነበረ ነገር ዛሬ ያለውን ዋጋ ትክክል አያደርገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሰዓት ሒሳብ ነው። አንድ ሰው በ450 ዶላር በገዛው ማሽን አንድ ሺህ ሰዓት ቢጫወት ሰዓቱ ከሃምሳ ሳንቲም በታች ይወድቅለታል፤ ከሲኒማ ትኬት እጅግ ይረክሳል ይላሉ። የዚህ ስሌት ስንጥቅ የድሮው ማሽንም ያንን አንድ ሺህ ሰዓት ሊሰጥ መቻሉ ነው። መቆጠር ያለበት አዲሱ ማሽን የጨመረው ሰዓት፣ ማለትም እሱ ባይኖር የማይገኘው ጨዋታ ነው። በዚህ መለኪያ ምንም ማሽን የሌለው ልጅና ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ጎረቤቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ቢገዙ፣ አንደኛው ብዙ ሁለተኛው ጥቂት ገዝተዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጋራ ጥቅምን ያነሳል፤ ሁሉም ልታገሥ ካለ ጨዋታ ሠሪዎች ለማን ይሠራሉ? ይህ ከሁሉ የበረታው ነው። ማሽን ብዙ ገዢ ሲኖረው ጨዋታ ይጎርፍለታል፤ ጨዋታ ሲጎርፍ ገዢ ይበዛል፤ ይህን ክብ መጀመሪያ የሚያዞረው ቀዳሚው ነው። ኔንቴንዶ በ2012 ያወጣው ዊ ዩ ክቡ አልዞር ብሎት ከ14 ሚሊዮን ባነሰ ሽያጭ ቀረ። ቀዳሚ ገዢ እቁቡን ሁልጊዜ የሚጥል፣ ዕጣው ግን ዘግይቶ የሚወጣለት አባል ይመስላል። ሆኖም እቁብ የሚቆመው ዕጣው እንደሚደርስ ዳኛው ዋስ ስለሆነ ነው። እዚህ ዳኛ የለም፤ የዊ ዩ ቀዳሚዎች ጥለው ዕጣው ሳይወጣ እቁቡ ፈረሰ። ገዢ የገበያ መሥራችነትን ግዴታ አልገባም፤ ክቡን ማዞር የኩባንያው ሥራ ነው፤ ለዚህም ያለው መሣሪያ በመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ይዞ መምጣት ነው።

በፕሌይስቴሽን ቤት ሲታይ

ይህን ሁሉ ስሌት ከማንም በላይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ባለሙያ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ያለ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ነው። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ የምትሞላ ጠባብ ክፍል፣ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ ከብዙ እጅ የተነሳ ጎማው የተላጠ ጆይስቲክ፣ ከኋላ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ወጣት፣ «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚል ውል አለ። እዚህ ማሽኑ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለ ወፍጮው ወፍጮ የሥራ ዕቃ ነው። ባለቤቱ የሚጠይቀው በቴራፍሎፕ የሚለካው ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ አይደለም፤ አዲሱ ማሽን ያልነበረ ደንበኛ ያመጣልኛል ወይ ነው የሚለው። ደንበኛው የሚጫወተው በአብዛኛው እግር ኳስ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ ደግሞ የድሮ ማሽንን ቶሎ አይተውም፤ ፊፋ 14 በ2013 ለፕሌይስቴሽን 2 ጭምር ወጥቷል፤ ማሽኑ ግን ያኔ ከተወለደ 13 ዓመት አልፎት ነበር። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 26ም በ2025 ለፕሌይስቴሽን 4 ጭምር ወጣ። ስለዚህ የእነዚህ ቤቶች ከአንድ ትውልድ ወደ ኋላ ባለ ማሽን መሥራት ከድህነት ብቻ የመጣ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ተጨማሪ ጨዋታ እንደማያመጣላቸው ያወቀ ንግድ ነው።

የብር ምንዛሪም የመጠበቅን ሕግ በኢትዮጵያ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ሰብሮታል። መንግሥት በጁላይ 2024 ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ 450 ዶላር የሚያወጣ ማሽን 25,650 ብር ማለት ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲሆን ያው ማሽን፣ ዋጋው በአሜሪካ ሳይነካ፣ 58,500 ብር ሆነ። ይህ እንግዲህ ዕቃው በዱባይ ወይም በዋሽንግተን ከሚኖር ዘመድ ሻንጣ እስኪወጣ ያለውን ወጪ ሳይጨምር ነው። ታዲያ ለአዲስ አበባ ገዢ መቸኮል ይሻላል ማለት ነው? እዚህ ሌላ ሚዛን ይገባል። ማሽኑ ቢበላሽ ወደ ተገዛበት አገር መላክ ያስቸግራልና የአዲስ ሞዴል የልጅነት ሕመም እዚህ ይከፋል። የፕሌይስቴሽን የኦንላይን መደብር ኢትዮጵያን በይፋ ከሚያገለግላቸው አገሮች ውስጥ ስለማያካትት ዲስክ የሌለው ርካሽ ሞዴል እዚህ ርካሽ አይደለም። ዲስክ ይዋሳሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ጨርሰው ይሸጣሉ፤ ከበይነመረብ የወረደ ጨዋታ ግን ከአካውንቱ ጋር ታስሮ ይቀራል። በ2024 በ699.99 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ዲስክ ማጫወቻ ሳይኖረው መምጣቱ፣ ከስዊች 2 ካርዶችም አንዳንዶቹ ጨዋታውን ሳይሆን የማውረጃ ቁልፉን ብቻ መያዛቸው፣ በእኛ ገበያ ከዋጋ ጭማሪ አይተናነስም።

ወደ ስዊች 2 እንመለስና ፍርዱን እንስጥ። ማሽኑ ጁን 5 ሲወጣ ማሪዮ ካርት ወርልድን ይዞ ነበር፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ዶንኪ ኮንግ ባናንዛ ተከተለ፤ ሁለቱም በድሮው ስዊች አይሠሩም። የድሮ ጨዋታዎችንም ከሞላ ጎደል ይቀበላል። እነዚህን ሁለት ጨዋታዎች በእርግጥ ለሚፈልግ፣ በተለይም ቤቱ ማሽን ለሌለው፣ 449.99 ዶላሩ ዋጋውን ያወጣል ማለት ይቻላል። የድሮው ስዊች ሳይሰለቸው ያለ ሰው ግን ስክሪኑ ሰፋ፣ መያዣው ከ32 ወደ 256 ጊጋባይት አደገ በሚል ብቻ ቢገዛ፣ ለቀኑ እንጂ ለጨዋታ አልከፈለም። ለዚህ ሰው ዋጋው 400 ቢሆንም 350 ቢሆንም መልሱ አይለወጥም።

በሎስ አንጀለሱ አዳራሽ የሆነውም በዚህ ዓይን ሲነበብ ሌላ መልክ ይይዛል። ሰው የሚያስታውሰው የመቶ ዶላሩን ልዩነት ነው። ነገር ግን ሳተርን ያን ዕለት መደብር ሲገባ የታወጀለት የሴፕቴምበር ቀን ገና አራት ወር ይቀረው ነበር፤ የሌሎች ኩባንያዎች ጨዋታዎች የተዘጋጁት ለዚያ ለሴፕቴምበር ስለነበር አብረውት መደርደሪያ ላይ የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፕሌይስቴሽን በሴፕቴምበር 9 በርካሽ መጣ፤ ከጨዋታው ጋርም መጣ። ያን ክረምት 399 ዶላር ከፍሎ ሳተርን ቤቱ ያስገባ ሰው ከሁሉም ቀድሟል፤ የቀደመውም ወደ ባዶ መደርደሪያ ነው።